የባኞ ቤቱ ውሃ አልወርድ ሲል፦ ሶዳ፣ አቼቶ እና አንድ ትልቅ ጥንቃቄ

ቅዳሜ ማታ ነበር። በማግስቱ የአክስቴ ልጅ ክርስትና ስለሚነሣ ቤታችን በሥራ ተጠምዷል። እናቴ ታናሽ እህቴን አርብ ዕለት ፀጉሯን ለጋ ቅቤ ቀብታት ነበር። ያን ምሽት እህቴ ፀጉሯን ታጥባ ለሹሩባ ተቀመጠች። ከእሷ ቀጥዬ ሻወር ልወስድ ስገባ ባኞው ውስጥ ውሃ ቆሞ አገኘሁ። ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ላዩ ላይ ቅባትና የሳሙና አረፋ የሚንሳፈፍበት ግራጫ ውሃ ነበር።

እናቴ አልደነገጠችም። አንዲት ጓደኛዋ በስልክ የላከችላት ቪዲዮ ትዝ አላት። ከኩሽና ቤኪንግ ሶዳ አምጥታ ጨመረች፤ ከላይ አቼቶ አፈሰሰችበት። ትንሽ አረፋ ወጣ። ከዚያ ጸጥ አለ። ውሃው ግን ንቅንቅ አላለም።

«ይሄስ በልመና አልሆነም» አለችና ከመታጠቢያው ሥር የበረኪናውን ጠርሙስ አወጣች። ክዳኑን መፍታት ጀመረች።

እኔ በጠርሙሱ ጀርባ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ማንበብ እችላለሁ። በትምህርት ቤትም ተምሬዋለሁ። «እማዬ፣ ተይ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምነው? ምን ሆንሽ ልጄ?» አለችኝ።

ልነግራት ፈለግሁ፤ ግን «ቪኒገር» በአማርኛ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። በጣቴ አንዴ ጠርሙሱን፣ አንዴ ባኞውን እያሳየሁ «ይሄና ይሄ… አንድ ላይ… መርዝ ነው!» አልኩ።

«ከአቼቶው ጋር ማለትሽ ነው?» አለች። ክዳኑን መልሳ ዘጋችው።

እኛ ቤት አደጋ ሳይደርስ ቀረ። ያን ምሽት ግን ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ የተደፈነ የውሃ መውረጃ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ከባድ ኬሚካል ይከፈታል። ሁለተኛ፣ እናቴ ቤቱን ታውቃለች፣ እኔ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ እችላለሁ፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግን ጥቂት የአማርኛ ቃላት ናቸው። ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለቱም ነው።

ከቀዳዳው በታች ምን አለ?

ውሃው ከባኞው ወይም ከእጅ መታጠቢያው ቀዳዳ ሲወርድ በቀጥታ ወደ ዋናው ቱቦ አይገባም። መጀመሪያ በተጠማዘዘ ቱቦ ያልፋል። ይህን ቱቦ የቧንቧ ሠራተኞች ሲፎን ይሉታል። በእጅ መታጠቢያው ሥር ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ታገኙታላችሁ።

ሲፎን የተጠማዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። በመታጠፊያው ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይቀራል። ያ ውሃ እንደ በር ሆኖ የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ ይከለክላል። ይህን ዓይነት መታጠፊያ እ.ኤ.አ. በ1775 ለንደን ውስጥ የፈጠራ መብት ያገኘበት አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ የሰዓት ሠሪ ነው። ሐሳቡ እስከ ዛሬ በየቤታችን ይሠራል።

ችግሩ ሽታውን የሚያስቀረው ይኸው መታጠፊያ ቆሻሻንም ማስቀረቱ ነው። ፀጉር የሚያዘው ወይ እዚያ ነው፣ ወይ ከዚያ በላይ ቀዳዳው አፍ ላይ ባለው ማጣሪያ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምትፈልጉት ነገር ሩቅ አይደለም። ከእጃችሁ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል።

መውረጃውን የሚደፍነው ማን ነው?

ጥፋተኞቹ ሦስት ናቸው፤ አብረውም ይሠራሉ።

የመጀመሪያው ፀጉር ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 የሚሆን ፀጉር ከራሱ ላይ ይረግፋል። አራት ሰው ያለበት ቤት ሲሆን ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት። ሹሩባ ሲፈታ ደግሞ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት በጉንጉኑ ውስጥ ተይዞ የቆየው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ረጅምና ጥቅልል ፀጉር ቱቦ ውስጥ እርስ በርሱ ተጠላልፎ መረብ ይሆናል።

ሁለተኛው ሳሙና ነው። በብዙ ከተሞች የቧንቧ ውሃ ካልሲየም አለበት። ሳሙና ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ ውሃ የማያሟሟው ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ያ ዝቃጭ በፀጉሩ መረብ ላይ ይለጠፋል።

ሦስተኛው ቅባት ነው። እዚህ ላይ የእኛ ቤት ከጎረቤቶቻችን ቤት ትንሽ ይለያል። ቅቤ በሰውነታችን ሙቀት ይቀልጣል፤ ራስ ላይ ሲቀባ ወዲያው የሚወርደው ለዚህ ነው። በሞቀ ውሃ ስትታጠቡትም ፈሳሽ ሆኖ ወደ ቱቦው ይገባል። ቱቦው ግን ቀዝቃዛ ነው፤ በተለይ በክረምት። እዚያ ሲደርስ ቅቤው ይረጋል፤ ፀጉሩንና ሳሙናውን እንደ ሙጫ ያጣብቃቸዋል።

ሶዳና አቼቶ የሚችሉት፣ የማይችሉት

በስልክ የሚላኩት ቪዲዮዎች ሶዳና አቼቶ ሁሉን ነገር እንደሚያሟሙ ያስመስላሉ። እውነቱ ትንሽ ይለያል።

ቤኪንግ ሶዳ በኬሚስትሪ ስሙ ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው። ሱቅ የሚሸጠው ነጭ አቼቶ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ያህሉ አሴቲክ አሲድ ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። የምታዩት አረፋ ያ ነው። ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለውም ይኸው ጋዝ ነው።

አረፋው በቱቦው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ልስልስ ቆሻሻ ያላቅቃል፤ መጥፎ ሽታንም ይቀንሳል። አቼቶው ደግሞ ነጩን ዝቃጭ ያለሰልሳል። ግን ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጉልበት ያጠፋዋል። አረፋው ሲያልቅ የሚቀረው ጥቂት ጨው ያለበት ውሃ ነው። ፀጉርን ግን አያሟሟም። ፀጉር የተሠራበት ኬራቲን የሚባለው ነገር በአቼቶ አይበገርም። እንዲያ ቢሆንማ ፀጉራችንን በአቼቶ የምንለቀልቅ ሰዎች መላጣ እንሆን ነበር።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዙ። መጀመሪያ ፀጉሩ በእጅ ይወጣል። ሶዳውና አቼቶው የሚመጡት ለቀረው ቆሻሻ ነው። እናቴ ያን ምሽት ያልተሳካላት ሶዳዋ ስለማይሠራ አልነበረም፤ ተራው ስላልደረሰ ነው።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

የሚያስፈልጋችሁ፦ የጎማ ጓንት፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ባልዲ፣ የሽቦ ልብስ መስቀያ፣ ግማሽ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ ኩባያ ነጭ አቼቶ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እና ሁለት ወይም ሦስት ሊትር የሞቀ ውሃ።

1. መጀመሪያ ጠይቁ። «ዛሬ ወይም ትናንት እዚህ በረኪና ወይም የቱቦ መክፈቻ ኬሚካል የጨመረ አለ?» በሉ። ካለ ምንም አትጨምሩ፤ እጃችሁንም አታስገቡ። ምክንያቱን ዝቅ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

2. የቆመውን ውሃ ቅዱ። በኩባያ እየቀዳችሁ ባልዲ ውስጥ ጨምሩ። ውሃ በሞላበት ሶዳ ብትጨምሩ ተበርዞ ይቀራል እንጂ ቱቦው ውስጥ አይደርስም።

3. ክዳኑን አንሡ፤ ፀጉሩን አውጡ። ጓንት አድርጉ። የመስቀያውን ሽቦ ዘርጉና ጫፉን እንደ መንጠቆ አጥፉት። ቀስ ብላችሁ አስገቡት፤ አዙሩት፤ ሳቡት። ጥርስ ያለው ቀጭን የፕላስቲክ መሳቢያ ካገኛችሁ ከሽቦው ይሻላል፤ ቱቦውን አይጭርም። የሚወጣው ነገር ደስ አይልም። በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት፤ ሽንት ቤት ውስጥ አትጨምሩት።

4. ቅቤ ካለበት ሳሙናና የሞቀ ውሃ አስቀድሙ። ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አፍስሱና በሞቀ ውሃ አውርዱት። ቅባት የሚለቀው በሳሙና እንጂ በአቼቶ አይደለም።

5. ሶዳውን ጨምሩ። መጀመሪያ በጥርስ ብሩሹ ጥቂት ሶዳ ይዛችሁ የቀዳዳውን አፍ ፈትጉት። የቀረውን ወደ ውስጥ ጨምሩ።

6. አቼቶውን ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። አረፋው ወደ ላይ እንዳይወጣ ቀዳዳውን በእርጥብ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት። አጥብቃችሁ አትድፈኑት፤ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ተዉት። ቡና የሚፈላበት ጊዜ ነው።

7. በሞቀ ውሃ አጥቡት። ከቧንቧ የሚወርደው ሙቅ ውሃ ይበቃል። እየፈላ ያለ ውሃ አታፍስሱ። የብዙ ቤቶች ቱቦ ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ይህ ፕላስቲክ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለሆነ ሙቀት አልተዘጋጀም። የፈላ ውሃ ደግሞ 100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚያ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ያም ለፕላስቲክ ብዙ ነው።

ውሃው አሁንም ቀስ እያለ ከወረደ የጎማ ፓምፕ ሞክሩ። ጎማውን የሚሸፍን ያህል ውሃ ሙሉ። ከላይ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ካለ በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑት፤ አለበለዚያ አየሩ በዚያ ያመልጣል። ከዚያ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ወደ ታችና ወደ ላይ ግፉት።

እኛ ቤት ይህን ሁሉ አላስፈለገንም። ሦስተኛው ደረጃ ላይ፣ እናቴ ሽቦውን ስትስብ፣ እንደ አይጥ ጭራ የረዘመ የፀጉር ጥቅል ወጣ። ውሃው «ጉልጉልጉል» ብሎ ሄደ። እናቴ ያን ነገር በሽቦው ጫፍ አንጠልጥላ እያየች «ይቺ ናት እንግዲህ ሰውን ሁሉ ያስጮኸችው!» አለች። እህቴ ሹሩባዋ ግማሽ ላይ ሆኖ መጥታ አየችና አፍንጫዋን ይዛ ሮጠች።

በፍጹም የማይደረግ

አሁን ወደ በረኪናው እንመለስ። በረኪና ውስጥ ያለው ዋና ነገር ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይባላል። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ክሎሪን እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ እንደ ጦር መሣሪያ የተለቀቀው ጋዝ ነው። ባኞ ቤት ውስጥ የሚወጣው መጠን ትንሽ ቢሆንም፣ ክፍሉም ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜም መስኮት የለውም። ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ደረትን ያፍናል። አስም ላለበት ሰው ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ እነዚህን አትርሱ፦

በረኪናን ከአቼቶ ጋር አትቀላቅሉ። ከሎሚ ጋርም እንዲሁ፤ ሎሚም አሲድ ነው። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም አትቀላቅሉት፤ ያም ሌላ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

የቱቦ መክፈቻ ኬሚካል በተጨመረበት ላይ አቼቶም ሆነ በረኪና አትጨምሩ፤ በጎማ ፓምፕም አትግፉት። ብዙዎቹ ኮስቲክ ሶዳ አለባቸው። ፀጉርን ያሟሟሉ፤ ግን ቆዳንና ዓይንንም እንደዚያው ያቃጥላሉ። ፓምፑ ሲገፋ ፊታችሁ ላይ ሊረጭ ይችላል።

«ሶዳ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ የትኛው ሶዳ እንደሆነ ጠይቁ። ቤኪንግ ሶዳ ለዳቦ የሚሆነው ነው። ኮስቲክ ሶዳ የሚያቃጥለው ነው። ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ ሌላ ነው፤ አይጎዳም፣ ግን ውስጡ ስታርች ስላለበት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በስህተት ከተቀላቀለና ሽታው ከመጣ፣ ወዲያው ከክፍሉ ውጡ። ሌሎቹንም አስወጡ። ንጹሕ አየር ወዳለበት ሂዱ። «ላጥበው» ብላችሁ አትመለሱ። ዓይን ከነካ በብዙ ንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቡ። መተንፈስ ካስቸገረ አሜሪካ ያላችሁ 911፣ አብዛኛው አውሮፓ ያላችሁ 112 ደውሉ። አሜሪካ ውስጥ ስለ መርዝ በ1-800-222-1222 በነጻ መጠየቅ ይቻላል፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ።

ይህ ማስጠንቀቂያ በተለይ ለሰው ቤት ለሚያጸዱ እናቶችና እህቶች ይድረስ። ብዙዎቹ በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈበትን ጠርሙስ በየቀኑ ይይዛሉ። እንዲያውም የበረኪና ስም በየአገሩ ይለያያል። በዓረብ አገሮች ብዙ ሰው ክሎሮክስ ይለዋል፤ እስራኤል ውስጥ ኤኮኖሚካ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ዣቬል። ስሙ ቢለያይም ጋዙ አንድ ነው። የምታውቋት አክስት ወይም ጎረቤት ካለች ጠርሙሶቿን አብራችሁ አይታችሁ በማርከር በአማርኛ «በረኪና፦ ከአቼቶ ጋር አይቀላቀልም» ብላችሁ ጻፉላት። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ባለሙያ የሚጠራው መቼ ነው?

አንድ መውረጃ ብቻ ከዘገየ ችግሩ እዚያው ቅርብ ነው። ባኞው፣ የእጅ መታጠቢያውና ሽንት ቤቱ አንድ ላይ ከዘገዩ ግን ዋናው ቱቦ ተደፍኗል ማለት ነው። ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ ባኞው ውስጥ ውሃ ብቅ ካለም እንዲሁ። እዚያ ላይ ሶዳ አይረዳም።

በኪራይ ቤት ካላችሁ ለአከራዩ ወይም ለሕንጻው ጥገና ክፍል በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቀኑንም ጻፉ። ውሃ ፈስሶ ከታች ያለውን ቤት ካበላሸ በኋላ «ነግሬ ነበር» ማለት ብቻ አይበቃም። ብዙ ቤት ይህን ደብዳቤ የሚጽፈው ልጅ ነው፤ ስለዚህ ተራው የእናንተ ሊሆን ይችላል።

ሳይቃጠል በቅጠል

ይህ ተረት ነገሩ ሳይባባስ በትንሹ አጥፉት ማለት ነው። ለቱቦም ይሠራል። ቀዳዳው ላይ የፀጉር መያዣ ወንፊት አድርጉ፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ሹሩባ ስትፈቱ ፀጉራችሁን ከመታጠባችሁ በፊት አበጥሩና የወጣውን ጣሉ። ቅቤ ከተቀባችሁ ትርፉን በሶፍት ጥረጉ፤ ሶፍቱን ቆሻሻ ውስጥ ጨምሩ። በሳምንት አንድ ጊዜ ወንፊቱን አጽዱና ሙቅ ውሃ ልቀቁበት።

የሳምንቱ ቃላት

አቼቶ፦ ጎምዛዛ ፈሳሽ፤ ሰላጣ ላይ ይደረጋል። መጻሕፍት ውስጥ ኮምጣጤ ወይም ሆምጣጤ ተብሎ ታገኙታላችሁ።

በረኪና፦ ነጭ ልብስ የሚያነጣ፣ ጀርም የሚገድል ፈሳሽ።

ሲፎን፦ ከመታጠቢያ ሥር ያለው የተጠማዘዘ ቱቦ።

ባኞ ቤት፦ ገላ የምንታጠብበት ክፍል።

እነዚህ አራቱም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ጎማም እንዲሁ። ጣሊያንኛ የሚናገር ጓደኛ ካላችሁ ጠይቁት፤ ብዙዎቹን ወዲያው ያውቃቸዋል።

አንድ አባባል ደግሞ ጨምሩ፦ «አልወርድ አለ»። «ውሃው አይወርድም» ስንል ሁኔታውን ብቻ እንናገራለን። «ውሃው አልወርድ አለ» ስንል ግን ውሃው ራሱ እምቢ ያለ ይመስላል። በሩ አልከፈት አለ፣ መኪናው አልነሣ አለ፣ ልጁ አልተኛ አለ ይባላል። ዛሬ ቤታችሁ ውስጥ ምን «አልሆን» እንዳለ ፈልጉና ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ንገሯቸው።

ከዚያ አብራችሁ የመታጠቢያውን ሥር ክፈቱ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አውጡ። እናንተ የተጻፈውን አንብቡ፤ እነሱ ስሙን በአማርኛ ይንገሯችሁ። እኛ ቤት ያን ምሽት ከሹሩባው በኋላ እንዲህ አደረግን። ሰባት ጠርሙስ ነበረ። በረኪናው አሁን ለብቻው ሌላ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይም የእናቴ የእጅ ጽሑፍ አለ።